ዳገቱ የሚጠይቀው አየር ነው፦ በወገዳ ምድር የአሮጌ ቱርቦ መኪናን ጉልበት ስለማሳደግ የቀረበ ምላሽ

ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮችና መኪናቸውን የሚያሠሩባቸው ጋራዦች ከሞላ ጎደል የሚስማሙበት አንድ ሐሳብ አለ። አሮጌ ቱርቦ መኪና፣ በተለይም አራቱም ጎማው የሚጎትት ላንድክሩዘር፣ ጋይንት ሲደርስ ዳገት እምቢ ካለ ናፍጣ አንሶታል፤ መድኃኒቱም ፖምፓውን ከፈት ማድረግ ነው። አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ይበቃል። የናፍጣውን መጠን የምትወስነው ብሎን ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ትገባለች፣ መኪናው መንገድ ወጥቶ ይሞከራል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጢስ ሲትጎለጎል «አሁን ተነሣ» ይባላል። ጢስ የማያወጣ ናፍጣ መኪና አይጎትትም የሚለው እምነት ከዚህ የተወለደ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሐሳብ የሚሰጥ ምላሽ ነው። ሐሳቡ ከስንፍና የመጣ ነው ብዬ አልነሣም፤ ቆላ ላይ የሚሠራ ልምድ ነው፣ ለምን እንደሚሠራም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በወገዳ ምድር፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከፍታ ላይ ግን መድኃኒቱ በሽታውን የሚያብስ ሆኖ ይገኛል። እዚያ የጎደለው አየር ነው። ናፍጣው ማንም ሳይነካው ከሚገባው በላይ ሆኗል። ጉልበት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አየሩን ይመልስ፣ ናፍጣውን ከሁሉም በኋላ ይንካ ነው የምለው።

ጉዳዩ የጥቂት መኪና ወዳጆች ጨዋታ አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ተጥሎባቸዋል፤ ላረጁትና ትልቅ ሞተር ላላቸው እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተተኪ የሌለው መኪና ነው። ከስማዳ ቀበሌዎች ወላድ ወይም ሕመምተኛ ጭኖ በጠጠር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚወጣው እርሱ ነው። የዚህ መኪና ፒስተን ሲቀልጥ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይሆንም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር ምሳሌዬን በአንድ መኪና ላይ ላቁመው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ያወጣው ላንድክሩዘር 80፣ ዋን ኤችዲ-ቲ የሚባለውን 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የያዘው ማለቴ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 160 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ 1,800 ዙር ላይ ደግሞ 360 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። ቱርቦው ሲቲ-26 ነው፤ ኢንተርኩለር ከፋብሪካ አልተገጠመለትም። በአብዛኞቹ ላይ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል። ቱርቦ ከሌለው ወንድሙ ከዋን ኤችዜድ ጋር ማደባለቅ አይገባም፤ የዚያኛው ነገር ለብቻው ነው። የምለው ግን፣ ቁጥሩ ቢለያይም፣ ለአሮጌ ቱርቦ ሃይሉክስና ፓጄሮም ይሠራል።

አሁን ወደ አየሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር 2,700፣ ነፋስ መውጫ 3,100 ገደማ ላይ ናቸው። ፋርጣን፣ ጋይንትንና እስቴን የሚያዋስነው ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። በባሕር ወለል 1,013 ሚሊባር የሆነው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ላይ ወደ 815፣ ደብረ ታቦር ላይ ወደ 730፣ ነፋስ መውጫ ላይ ወደ 690 ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ላይ የቆመ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ግፊት 68 በመቶውን ብቻ ያገኛል ማለት ነው። እዚህ ድረስ የሚከራከር የለም፤ ቱርቦ የሌለው መኪና ደጋ ላይ እንደሚደክም ሁሉም ያውቃል። ክርክሩ የሚጀምረው ቱርቦ ሲመጣ ነው፤ «ቱርቦ ያለው ከፍታ አይሰማውም» ይባላልና።

ይሰማዋል፤ የሚደብቀው የግፊት መለኪያው ነው። የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው ዌስትጌት በአንድ ወገኑ የቱርቦውን ግፊት፣ በሌላ ወገኑ ሞላና የውጭውን አየር ይዟል። የሚጠብቀው የሁለቱን ልዩነት ነው። መለኪያውም የሚያነበው ያንኑ ልዩነት ነው። ዌስትጌቱ 0.7 ባር ላይ የተስተካከለ ነው እንበል። በባሕር ወለል ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ፍጹም ግፊት 1.01 ሲደመር 0.70፣ ማለትም 1.71 ባር ይሆናል። ነፋስ መውጫ ላይ 0.69 ሲደመር 0.70፣ 1.39 ባር ይሆናል። መለኪያው በሁለቱም ቦታ 0.7 ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ግን አንድ አምስተኛ የሚሆን አየር አጥቷል። ሹፌሩ «ቱርቦው ደህና ነው፣ ግፊቱ አልወረደም» ሲል ያየውን ነው የተናገረው። ያላየው ነገር ነው ያሳሳተው።

የክርክሩ እምብርት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ፖምፓ ራስ ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ሽፋን ያለባት ክፍል አለች። ከማኒፎልዱ የመጣ ትንሽ ቱቦ ይገባባታል። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ሽፋኗ ወደ ታች ትገፋለች፣ ከሥሯ ያለውን ሾጣጣ ዘንግ ታወርዳለች፣ ፖምፓውም ተጨማሪ ናፍጣ ይለቃል። የሽፋኗ ሌላው ወገን ለውጭ አየር ክፍት ነው። ስለዚህ እርሷም እንደ መለኪያው ልዩነቱን እንጂ ፍጹሙን ግፊት አታውቅም። የከፍታ ማስተካከያ ያልተገጠመለት ፖምፓ ነፋስ መውጫ ላይ 0.7 ሲደርሰው ጅቡቲ ላይ የሚለቀውን ያንኑ ናፍጣ ይለቃል። አየሩ አንድ አምስተኛ ጎድሏል፣ ናፍጣው አልጎደለም። መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ናፍጣው በዝቶበታል የምለው ለዚህ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይጠራል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። የዚያ ዘመን ሞተሮች ግን ናፍጣና አየርን በሲሊንደሩ ውስጥ በደንብ ስለማይቀላቅሉ ጢስ ሳያወጡ ለመሥራት 18 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። በባሕር ወለል ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ አየር እንዲደርሰው የተስተካከለ ሞተር ነፋስ መውጫ ላይ 16 ይደርሰዋል። መካኒኩ ብሎኗን አጥብቆ ናፍጣውን በአሥር በመቶ ሲጨምርበት 14.5 ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር የለውም። የሚወጣው ጥላሸት ነው። «ተነሣ» የተባለበት ጥቁር ጢስ ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው፣ ሥራ ሳይሠራ የወጣ ናፍጣ ነው።

ጥቂት ጉልበት እንደሚጨምር አልክድም። ከ16 ወደ 14.5 በሚደረገው ጉዞ ውስጥ መኪናው ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ሹፌሩ የሚሰማው እውነት ነው። ዋጋው የሚከፈለው በሙቀት ነው። ዘግይቶ የሚቃጠለው ናፍጣ ሙቀቱን ለጢሱ ይሰጣል፣ ጢሱም ለቱርቦው፣ ለቴስታታውና ለፒስተኑ አናት። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተኑ የሚሠራበት ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይለሰልሳል። ከቱርቦው በፊት የሚለካ የጢስ ሙቀት 700ን አልፎ በረጅም ዳገት ላይ ሲቆይ ፒስተኑን ከመቅለጥ የሚያድነው ከሥሩ የሚረጨው ዘይትና ቴስታታውን የሚዞረው ውኃ ብቻ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ውኃውም ሌላ ችግር አለበት። ነፋስ መውጫ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውኃ በ90 ዲግሪ ይፈላል። ራዲያተሩ በጤናው ከ90 በላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ግፊት አይይዝም። ቴርሞስታቱ ገና በቅጡ ሳይከፈት ውኃው ሊፈላ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ጋይንት ላይ «ሞተሩ ሙቀት ያበዛል» ተብለው ቴስታታቸው የወረደ መኪኖች ስንቱ በክዳን ምክንያት እንደሆነ የሚጠይቅ ጋራዥ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ልምዱ ከየት መጣ? ከቆላ። የአገራችን ከባድ የናፍጣ ሥራ የሚሠራው በጅቡቲ መስመር ነው። ሰመራና አካባቢው ከባሕር ወለል ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እዚያ አየሩ ሙሉ ነው፣ ፋብሪካው የሰጠው ናፍጣም ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ብሎኗን ጥቂት ቢነኳት ለተጨመረው ናፍጣ የሚሆን አየር አለ፤ መኪናው ጢስ ሳያበዛ ይጎትታል። ከውጭ የሚመጣው የማሻሻያ ትምህርትም፣ በተለይም ላንድክሩዘር የሚወደድባት የአውስትራሊያው፣ አብዛኛው ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። እዚያ «ቱርቦውን 15 ፒኤስአይ አድርገው» ማለት አየሩን ሁለት እጥፍ ጭመቀው ማለት ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ያው 15 ፒኤስአይ ሁለት ተኩል እጥፍ መጭመቅ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ በቱርቦው ላይ የሚያርፈው ሥራ ግን ሌላ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው የተለመደ መድኃኒት ይወስደኛል፦ የዌስትጌቱን ሞላ አጥብቆ ግፊቱን ማሳደግ። ከፖምፓው ብሎን ይሻላል፣ ቢያንስ የጎደለውን አየር ለመተካት ይሞክራልና። ግን ብቻውን ሲደረግ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አይሰጥም። በባሕር ወለል የነበረውን 1.71 ፍጹም ባር ነፋስ መውጫ ላይ ለመመለስ መለኪያው 1.02 ማንበብ አለበት። ያ ማለት አየሩን 2.5 እጥፍ ገደማ መጭመቅ ነው። ሲቲ-26 የተሠራው ለእንደዚህ ያለ ሥራ አይደለም፤ ሁለት እጥፍ ካለፈ በኋላ ብቃቱ እየወረደ፣ ዘንጉ ከልክ በላይ እየፈጠነ ይሄዳል። አየርም ሲጨመቅ ይግላል። የኮምፕሬሰሩን ብቃት በ65 በመቶ ይዤ ሳሰላው 15 ዲግሪ ሆኖ የገባው የጋይንት አየር 145 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። የጋለ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ የአየሩ ክብደት በሞቃት የባሕር ዳርቻ ከነበረው 90 በመቶውን ቢይዝ ነው።

አሁን ግፊቱን ሳንነካ እንተወውና ኢንተርኩለር እንግጠም። ግፊቱ 0.7 ነው፣ የወጣው አየር 112 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ኢንተርኩለሩ ወደ 50 ያወርደዋል እንበል። በቱቦዎቹ የሚጠፋውን ግፊት ቀንሰን የአየሩ ክብደት ከ80 በመቶ ወደ 92 ገደማ ይወጣል። ይህ ዌስትጌቱን አጥብቆ ቱርቦውን ከልኩ በላይ በማስሮጥ ከሚገኘው ጥቂት ይበልጣል፤ ቱርቦው አንድ ዙር እንኳ አልጨመረም፣ ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የጢሱ ሙቀትም ይወርዳል። ከዚህ አገር ደጋ ጋር እንዲህ የሚስማማ ሌላ ማሻሻያ አላውቅም። ገደብም አለው፦ ኢንተርኩለሩ የሚቀዘቅዘው በሚነፍስበት አየር ነውና በዝግታ ማርሽ በሚወጣ ዳገት ላይ ትርፉ ይቀንሳል። ፊት ለፊት የተገጠመ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩን አየር እንዳይነጥቅ መታየት አለበት። ለጋይንት መንገድ ከስፋት ይልቅ ጥሩ ማራገቢያ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለምን? ዳገቱ ስንት ጉልበት ይፈልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚያሻቅብ ዳገት በሰዓት 50 ኪሎሜትር እንዲወጣ ምድር ስበትን ብቻ ለማሸነፍ 33 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልገዋል። ለጎማውና ለአየሩ ተቃውሞ ወደ 10 ኪሎዋት ይጨመር። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን ስንቆጥር ከሞተሩ የሚጠየቀው 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ጤነኛው ሞተር አየሩ በአንድ አምስተኛ ጎድሎበት፣ ኃይሉም በዚያው ልክ ወርዶበት፣ በ2,200 ዙር ላይ 90 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ጋይንት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚንፏቀቅ ላንድክሩዘር 80 ማሻሻያ ያነሰው መኪና አይደለም። የታመመ መኪና ነው። ጉልበት ጨምሩልኝ ብሎ የመጣ ባለቤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የራሱን ጉልበት መመለስ ነው።

ሕመሙ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከቱርቦው ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ሞተሩ ቆሞ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ከሥሩ ባለው ወገን፣ ቀለበቱ በሚያስርበት አካባቢ፣ በጣት ቢጠመዝዙት ግን በሠላሳ ዓመት ሙቀት የደረቀው ጎማ እንደ ከንፈር ይከፈታል። በስንጥቁ ዙሪያ ዘይትና አቧራ ተቀላቅለው ጥቁር ቀጭን መስመር ሠርተዋል፤ የቱርቦው አየር በየዳገቱ በዚያ ሲያመልጥ የተወው ምልክት ነው። የቱርቦውን አፍ ዘግቶ በጎማ መንፊያ ቀስ ብሎ ጥቂት ግፊት አስገብቶ የሳሙና ውኃ ማፍሰስ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በአረፋ ያሳያል። ወደ ፖምፓው ራስ የምትሄደው ትንሿ ቱቦ ተሰንጥቃ ከሆነ ደግሞ ሽፋኗ ግፊት አይደርሳትም፤ መኪናው ቱርቦ እንደሌለው ሆኖ ይሄዳል። መካኒኩ ይህን ሳያይ ዋናዋን ብሎን ያጠብቃል፣ ሌላ ሰው በሌላ ቀን ቱቦዋን ይቀይራል፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ተደምረው ሞተሩን ያቃጥላሉ። ኖዝሎቹም በመሞከሪያ ተፈትሸው የማይረጩትና የሚያንጠባጥቡት መለየት አለባቸው። በጀሪካን ከተቀዳ ናፍጣ ጋር የሚገባው ውኃና ቆሻሻ መጀመሪያ የሚጎዳው እነርሱን ነው።

«ሞተሩ እንዲተነፍስ» ተብሎ ፊልትሮ ማውጣትን በአጭሩ ላልፈው። ከነፋስ መውጫም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ የሚወስዱ የጠጠር መንገዶችን አቧራ ያየ ሰው ይህን የሚመክር አይመስለኝም፤ አሸዋው የኮምፕሬሰሩን ክንፎች ስሎ ፋሻውን ይበላል። ከሐሳቡ ጀርባ ግን አንድ እውነት አለ። የተዘጋ ፊልትሮ የሚያስከትለው መታፈን ደጋ ላይ ይብሳል። 30 ሚሊባር የሚነጥቅ ፊልትሮ በባሕር ወለል 3 በመቶ ሲወስድ ነፋስ መውጫ ላይ ከ4 በመቶ በላይ ይወስዳል። መልሱ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ማርሚታውን ሰፋ ማድረግ ግን ከምደግፋቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ከቱርቦው በኋላ ያለው መታፈን ሲቀንስ ቱርቦው ቀድሞ ይነሣል፣ የጢሱም ሙቀት ይወርዳል። ትልቅ ጎማ መግጠም ደግሞ ለዓይን ያምራል እንጂ ጉልበት ይነጥቃል፤ ከ31 ኢንች ወደ 33 የሄደ ሰው በየማርሹ ላይ 6 በመቶ የመጎተት ኃይል ሰጥቷል።

አራት ጎማ መጎተቱ ራሱ ጥያቄ ያመጣል። ከኋላ ብቻ የሚጎትት መኪና ጠጠር ላይ ጉልበት ሲበዛበት ጎማው ይሾራል፤ መሾሩ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ከምት ያድናቸዋል። አራቱም መሬት ሲይዙ ግን የሚሾር የለም፤ የተጨመረው ጉልበት ሁሉ በፍሪሲዮኑ፣ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ያርፋል። በላንድክሩዘር 80 ላይ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው የፊተኛው ዲፈረንሻል መሆኑ የታወቀ ነው። ሞተሩ ውስጥም እንዲሁ፦ የቀደሙት ዋን ኤችዲ-ቲዎች በቢዬላው ብሮንዚን ይታማሉ። ዝቅ ባለ ዙር ብዙ ናፍጣ ማቃጠል የሚጫነው ያንኑ ብሮንዚን ነው። ብሮንዚኑ ሳይፈተሽ ጉልበት የተጨመረበት ሞተር መቼ እንደሚያንኳኳ ነው የሚጠበቀው።

ሹፌሩም ድርሻ አለው። ቱርቦ የሚዞረው በጢስ ነውና ዙሩ ሲወርድ ግፊት አይኖርም። ደጋ ላይ የጢሱ ብዛት ስለሚቀንስ ቱርቦው የሚነሣበት ዙር ከፍ ይላል። በ1,300 ዙር ከባድ ማርሽ ይዞ ዳገት የሚጫን ሹፌር ቱርቦ የሌለው መኪና እየነዳ ነው፣ ያውም 68 በመቶ አየር ይዞ። አንድ ማርሽ አውርዶ ሞተሩን ከ2,000 በላይ የሚያስኬድ ሹፌር አንድ ብር ሳያወጣ ጉልበት አግኝቷል። ብዙ ሹፌሮች ዙር ማብዛት ናፍጣ ይበላል ብለው ይፈራሉ። ዳገት ላይ ከፍ ያለ ዙርና ንጹሕ ጢስ ከዝቅተኛ ዙርና ከጥቁር ጢስ ያነሰ ናፍጣ እንደሚያቃጥል በራሳቸው ጋን መለካት ይችላሉ።

ይህ ምድር የዳገትንና የጉልበትን ነገር ከመኪና በፊት ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ይዘው ሲነሡ የሄዱት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነበር። ከግማሽ ዓመቱ ትልቁ ድካም የሄደው መንገዱን በመጥረግ፣ ዐለቱን በመስበርና ዳገቱን በማቃለል ነበር፤ ገመዱን የሚስበው ሰው ብዛት ብቻውን መድፉን አያወጣውም ነበርና። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ መድፉን ወደ ኋላ ይዞ የሚያወርድ ሰው ማሰለፍ ነበረባቸው።

ስለ ቁልቁለት የሚናገር የጉልበት መካኒክ አለማግኘቴ ነው ከሁሉ የሚያሳስበኝ። የቅድሙን ዳገት ያው 3 ቶን መኪና በ50 ኪሎሜትር ሲወርደው ምድር ስበት ያንኑ 33 ኪሎዋት ይመልስለታል። 10 ያህሉን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል፣ የቀረውን 23 ፍሬኑና ሞተሩ ሊበሉት ይገባል። ከስማዳ ደጋ ወደ በሽሎ ወገን 1,000 ሜትር የወረደ መኪና 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት በሙቀት መልክ ማፍሰስ አለበት። ቱርቦው ይህን አያግዝም፤ የናፍጣ ሞተር በጋዝ መልቀቅ ብቻ የሚይዘውም ጥቂት ነው። ጉልበት የተጨመረበት መኪና ዳገቱን ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ከአናቱም ላይ ፈጥኖ ስለሚደርስ ቁልቁለቱን የሚጀምረው በከፍተኛ ፍጥነትና ብዙ ጊዜም በበለጠ ጭነት ነው። ፍሬን ያልተሠራለት ሰው የሞተር ማሻሻያ አይሠራለት ብዬ በጽኑ እናገራለሁ። ዲስኩ፣ ሸራውና በየዓመቱ መቀየር የሚገባው የፍሬን ዘይት ከኢንተርኩለሩ መቅደም አለባቸው፤ ፎር-ሎውን ለቁልቁለት መጠቀምም ለሹፌሩ መማር ያለበት ነገር ነው።

«አሮጌ መኪና አይነካም» የሚሉ ጥንቁቆችም አሉ። እነርሱን በግማሽ ልብ ነው የምቃወማቸው። ያልታከመ አሮጌ መኪና አይነካም፤ እውነት ነው። ታክሞ፣ ብሮንዚኑ ተፈትሾ፣ ፍሬኑ ተሠርቶ የጢስ ሙቀት መለኪያ የተገጠመለት ሞተር ግን ኢንተርኩለርና ሰፋ ያለ ማርሚታ ቢጨመርለት በፋብሪካው ካገኘው ዕድሜ ያነሰ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም ሙቀቱ ስለሚቀንስ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ግፊቱን ከ0.7 ወደ 0.8 ማድረስ ይቻላል። ናፍጣውን መንካት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ደጋ ላይ ለሚኖር መኪናም አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫው መቀነስ ይሆናል።

ተቃራኒውን የያዘ ባለሙያ ክርክሩን በመንገድ ላይ ሊፈታው ይችላል። አንድ መኪና፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ አንድ ሹፌር፣ የጨጨሆ ዳገት፤ አንድ የጢስ ሙቀት መለኪያ ከቱርቦው በፊት፣ አንድ ፍጹሙን ግፊት የሚያነብ መለኪያ ማኒፎልዱ ላይ። መጀመሪያ መኪናው ታክሞ ሳይነካ ይውጣ። ከዚያ የፖምፓው ብሎን ሩብ ዙር ትግባና ይውጣ። በመጨረሻ ብሎኗ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ ኢንተርኩለሩ ይገጠም፣ እንደገና ይውጣ። የሦስቱም ጊዜ፣ የጢስ ሙቀትና የተቃጠለው ናፍጣ ይመዝገብ። ሁለተኛው ከሦስተኛው ፈጥኖ፣ ሙቀቱም ከ700 ሳያልፍ አናት ከደረሰ ከላይ የሰጠሁት ስሌት አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል፤ የት እንደተሳሳተም ምዝገባው ራሱ ያሳያል።